የዶክተሩ ፈተና በኮፒ ቤት

ዶክተር አስረስ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ፣ ተማሪ በመጣል የሚኮሩ ሰው ነበሩ። "የእኔን ፈተና ተፈትኖ እየሳቀ የወጣ የለም" ይሉ ነበር። ዘንድሮ ግን ክፍሉ በሙሉ ኤ አመጣ። ተማሪዎቹ ሲጠየቁ፣ የተዘጋጁት ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ኮፒ ቤት ባገኙት ሦስት ገጽ ወረቀት መሆኑን ተናገሩ።

ዶክተሩ የግቢውን ጥበቃ አስከትለው ኮፒ ቤቱ ገቡ። ባለቤቷ ሴትዮ ማሽኗ ላይ ቀለም እየሞላች ነበር። ወረቀቱን ፊቷ ላይ እያውለበለቡ፣ "ይሄ ቃል በቃል የእኔ የዘንድሮ ፈተና ነው። ከቢሮዬ ማን ሰርቆ እንዳመጣልሽ ካልተናገርሽ ዛሬውኑ ቤቱን አሳሽገዋለሁ" አሏት።

ሴትዮዋ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

"ማንም አልሰረቀብዎትም ዶክተር። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት እርስዎ ጥለውት የተባረረ ልጅ ነው ትቶልኝ የሄደው። እኔ በየዓመቱ ላዩ ላይ ያለውን ዓመተ ምሕረት እያጠፋሁ አዲሱን እጽፍበታለሁ፤ ሌላውን አልነካም። እስከ አምና የሚገዛኝ አንድ ሁለት ተማሪ ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ነው ክፍሉ በሙሉ የመጣው። እርስዎም እንደዚሁ እንደሚያደርጉ ግን ገና አሁን ከራስዎ አፍ መስማቴ ነው።"