የእመት ጃርት መራራ ሥር

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳትም ዕቃም አፍ አውጥተው በሚያወሩበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ክፉ ሳል ገባ። መድኃኒቱን የምታውቅ እመት ጃርት ብቻ ነበረች። እናቷ ስትሞት አንዲት መራራ ሥር አሳይታ፣ «ስሟን ለማንም እንዳትነግሪ፤ መድኃኒት ስሙ ሲነገር ይረክሳል» ብላ አስምላት ነበር።

ጃርት ግን የጎረቤት ልጅ ሲያጣጥር እየሰማች አንጀቷ አልችል አለ። ሁሉን ጠርታ ሥሯን አሳየች፣ ስሟን ነገረች፣ አወቃቀጧንም አስተማረች።

«ዋጋ አልጠይቅም» አለች። «አንዷን የነቀለ ሁለት ይትከል፤ ያወቀም ላላወቀ ያሳይ።»

ሁሉም መረቋት። ሳሉ ሲጠፋ ምርቃቱም አብሮ ተረሳ። እነሱ ይነቅላሉ፣ እሷ ትተክላለች። ሥር ያለቀበት በሯን ይመታል፤ ዘግይታ ከከፈተች ደግሞ ይቆጣታል፣ እንግዲህ ፍረዱ! ደከመች፣ እሾኋ ረገፈ።

በሦስተኛው ክረምት ሳሉ ተመለሰና የገዛ ልጇን ያዘው። ወደ ማሳዋ ብትሮጥ ያገኘችው ባዶ ጉድጓድ ነው።

ወደ አያ ዝንጀሮ ሄደች። እሱ ሥሯን ማንም እንዳይለያት ወቅጦ ይሸጥ ነበር። ንጹሕ ነው ብሎ ማለላትና አንድ እፍኝ ሰጣት። ይሄኔ ሙቀጫው፣ «እመት ጃርት፣ ለልጅሽ አትስጪው። አመድ ቀላቅሎበታል፤ ምን ያህሉ አመድ እንደሆነ ራሱም ረስቶታል» አላት።

ወደ ሚዳቋ ሄደች። ሚዳቋ አንገቷን ደፍታ፣ ሌላው ይተክላል ብላ እንደተወችው ነገረቻት። ጃርት እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። «እናቴ እውነቷን ነው። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው» አለች።

በመጨረሻ ኤሊ ቤት ደረሰች። ጃርት ሁሉን በጠራችበት ቀን ኤሊ እየተንፏቀቀች ሳትደርስ ስብሰባው ተበትኖ ነበርና ነገሩን የሰማችው ከአይጥ ነው። ጓሮዋ ግን በመራራዋ ሥር ችግኝ ተሞልቷል።

«ልጆቹ ምሬቱን እየተፉ ቢያስቸግሩኝ ማር ጨመርኩበት» አለች ኤሊ እየፈራች። «አጥፍቼ ይሆን?»

ጃርት ማር የገባበትን መድኃኒት ተሸክማ ሮጠች። ልጇ ጠጣው፣ አልተፋውም፤ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ምግብ ጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ እመት ጃርት ለመጣው ሁሉ የሥሯን ስም ትነግራለች፣ ማሩንም ታስተምራለች። አስቀድማ ግን ዶማ ታስጨብጠዋለች።

መድኃኒት የሚረክሰው ስሙ ሲነገር ሳይሆን ተካይ ሲያጣ ነው።

ተረቴን ለእኔ አትመልሱ፤ ለጎረቤት አድርሱ።