ሶላር ላይ የታቀፈችው ዶሮና የእትዬ ደብሪቱ ገጽ

ላውራ? አታውራ ብትሉኝም አወራለሁ፤ አፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

እንቧይ ሜዳ በምትባል መንደር እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የእሳቸው ጋን ሲመታ ድምፁ ሦስት ቀበሌ አቋርጦ ይሰማል፤ ያልሰማ ካለ ጆሮውን ይመርመር። ገዢ ግን ጠፋ። ከተማ ያለው ልጃቸው ደግሞ "እማዬ፣ እስከ መስቀል አንድ ገዢ ካልመጣልሽ ጭቃውን ትተሽ እኔ ጋ ትገቢያለሽ" ብሎ ላከባቸው። ልጁ የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጭቃ ከየት ይመጣል?

እትዬ የፈለጉት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ገጻቸው ማውጫው ውስጥ እንዲገባ።

የምን ማውጫ? ኮምፒዩተር ተምራ የተመለሰችው ትርንጎ እንዲህ ብላ አስረድታናለች፦ "ኢንተርኔት ማለት ትልቅ ገበያ ነው። ማውጫው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ማር በዚህ፣ ቅርጫት በዚያ እያለ ለገዢ የሚያሳይ ነው።" ለመንደሩም ድረ ገጽ ሠራች፤ ለማሩ አንድ ገጽ፣ ለቅርጫቱ አንድ ገጽ፣ ለጋቢው አንድ ገጽ፣ ለጋኑ አንድ ገጽ። ፎቶ ልትለጥፍ ስትል ግን መንደሩ ተቆጣ። "አባ ዘውዱን የሚያክል ሽማግሌ ተቀምጦ እኛ ዕቃችንን ልናሳይ? ነውር ነው! በሁሉም ገጽ ላይ የእሳቸው ማር ይለጠፍ!"

ተለጠፈ። ማውጫው የእንቧይ ሜዳን አክብሮት ምን ያውቃል? የማሩን ገጽ ተቀበለና ሌሎቹን "ይህን ማር ቅድም አይቼዋለሁ፤ ገጽ ሁሉ የራሱን ፎቶ ይዞ ይምጣ" ብሎ መለሳቸው።

ትርንጎ ቅርጫቱን ፎቶ አነሳች፤ ገባ። ጋቢውን አነሳች፤ ገባ። እትዬ ደብሪቱ "ኧረ እኔ ልቆይ፣ ሰዎቹ ይቅደሙ" እያሉ ሲግደረደሩ የትርንጎ ስልክ ባትሪ ሞተ።

"ማውጫ ሆይ፣ የእትዬን ገጽ ተቀበል" አለች ትርንጎ።

"ያለ ፎቶ አልቀበልም" አለ ማውጫው።

ወደ ስልኩ ዞረች። "ስልክ ሆይ፣ ፎቶ አንሳ፤ ማውጫው ያለ ፎቶ ገጹን አልቀበልም ብሏል።"

"ሆዴ ባዶ ነው፣ አላነሳም" አለ ስልኩ። "ሶላሩ ያብላኝ።"

መንደሩ ውስጥ ያለው ሶላር አንድ ነው፤ እሱም የአያ ጓንጉል ነው፤ የተቀመጠውም ዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው። "ሶላር ሆይ፣ ስልኩን አብላ፤ ስልኩ ካልበላሁ ፎቶ አላነሳም ብሏል፤ ማውጫው ያለ ፎቶ ገጹን አልቀበልም ብሏል።"

ሶላሩ በታፈነ ድምፅ "በምኔ ላብላው?" አለ። "ፀሐይ ካየሁ ሰነበትኩ። ዶሮዋ ላዬ ላይ ታቅፋለች።"

እውነቱን ነው። ሶላሩ ይሞቃላ! ዶሮዋ ገለባ አንጥፋ፣ ክንፏን እንደ ሠርግ ድንኳን ዘርግታ ተጋድማለች። "ዶሮ ሆይ፣ ከሶላሩ ላይ ተነሺ፤ ሶላሩ ፀሐይ ካላየሁ ስልኩን አላበላም ብሏል፤ ስልኩ ካልበላሁ ፎቶ አላነሳም ብሏል፤ ማውጫው ያለ ፎቶ ገጹን አልቀበልም ብሏል።"

ዶሮዋ አንድ ዓይኗን ገለጠች። "አልነሳም! የምታቀፍበትን ስባሪ ጋን የጓንጉል ጥጃ አደቀቀብኝ። ልጆቼን ሜዳ ላይ ልፈልፍላቸው? ጓንጉል መኝታ ይስጠኝ።"

"አያ ጓንጉል፣ ለዶሮዋ መኝታ ስጣት፤ ዶሮዋ ያለ መኝታ ከሶላሩ አልነሳም ብላለች፤ ሶላሩ ፀሐይ ካላየሁ ስልኩን አላበላም ብሏል፤ ስልኩ ካልበላሁ ፎቶ አላነሳም ብሏል፤ ማውጫው ያለ ፎቶ ገጹን አልቀበልም ብሏል።"

"እኔ ሸክላ እሠራለሁ እንዴ?" አለ አያ ጓንጉል። "በጉልበት አንሳት እንዳትይኝ ደግሞ። አንድ እንቁላል ቢሰበር ሚስቴ እኔኑ ቆጥ ላይ ነው የምትሰቅለኝ። ጋን ከፈለግሽ ወደ ባለ ጋኗ ሂጂ!"

ትርንጎ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ክረምቱ እንጨቱን ሁሉ አርጥቦት እትዬ አዲስ ጋን መተኮስ አልቻሉም። የቀረቻቸው አንዲት ጋን ናት፤ እሷንም ለፎቶው ብለው እንደ ሙሽራ አሰማምረዋታል።

"እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎ? ጓንጉል ያለ ጋን መኝታ የለኝም ብሏል፤ ዶሮዋ ያለ መኝታ ከሶላሩ አልነሳም ብላለች፤ ሶላሩ ፀሐይ ካላየሁ ስልኩን አላበላም ብሏል፤ ስልኩ ካልበላሁ ፎቶ አላነሳም ብሏል፤ ማውጫው ያለ ፎቶ ገጹን አልቀበልም ብሏል። ጋኗን ለዶሮ ከሰጠን ደግሞ ምኑን ፎቶ እናነሳለን?"

እትዬ ጋኗን በመዳፋቸው ዳበሱ። አራተኛ ፎቅ ትዝ አላቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አደገደጉ።

"ፎቶው ይቅር፣ ልጄ። ወላድ እንዴት ጣሪያ ላይ ትደር? ይልቅ ገለባ አምጪ።"

ጋኗን አዝለው ወስደው በጎኗ አጋደሙላት።

ጓንጉል ለዶሮዋ መኝታ አገኘ። ዶሮዋ ከነእንቁላሎቿ ጋኗ ውስጥ ገባች። ሶላሩ ፀሐይ አየ። ስልኩ በላ፣ ጠገበ፣ ጮኸ። ትርንጎ ዙሪያዋን ብታይ ከዚያችው ጋን በቀር ሌላ ጋን የለም። ዶሮዋ ደግሞ አንገቷን በጋኗ አፍ አውጥታ፣ ከሠርግ ቤት መስኮት እንደምታይ አክስት ሰውን ሁሉ ትገላምጣለች።

"ኧረ ከነዶሮዋ አታንሺ፣ ይስቁብናል!" አሉ እትዬ።

ቀጭ! ስልኩ አነሳ፣ ገጹ ፎቶ ለበሰ፣ ማውጫውም አገላብጦ አየና "ይህንንስ የትም አላየሁትም፤ ግባ!" አለ።

ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። ከሩቅ አገር የመጣ የሴት ድምፅ ነው። "ለልጄ ሠርግ የጠላ ጋኖች ፈልጌ ነበር። ያችን ጌጠኛዋን አይቼ ነው። ዶሮዋ አብራ ትሸጣለች?"

"ዶሮዋ አትሸጥም!" ብሎ አያ ጓንጉል ከአጥር ማዶ አምባረቀ።

የእትዬ ልጅ በመስቀል ዋዜማ የእናቱን ልብስ ሊያሽግ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተ መጣ። እትዬ እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነው ቀና አሉ።

"ጎሽ፣ ደረስክልኝ! ዕቃ አጥሮን ነበር። በል በዚያ ሻንጣህ ከወንዙ ጭቃ አምላልስልኝ።"

እሱም ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ። አራተኛ ፎቁም ባዶውን ቀረ።

የኔም የተረት ሰንሰለት እዚህ ላይ ተቆለፈ። ቁልፉ ዶሮዋ ሥር ነው፤ የደፈረ እጁን ይስደድ።