አህያ የጫነችው መዝጋቢ

አንድ ጊዜ፣ በጋው በጠናበት ቆላ ውስጥ፣ አውሬውም ከብቱም የሚጠጣው ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። ውሃውን የሚስበው ፓምፕ ነው፤ ፓምፑን የሚያዘው ደግሞ በድንጋይ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የቤቱን ቁልፍ የያዘችው እመት አህያ ነበረች። ሰሞኑን ግን ፓምፑ አመል አውጥቷል። ቀኑ ሲግልና እንስሳው ሁሉ ገንዳውን ሲከብብ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ የለም።

አንበሳ ተጠምቶ ሲቆጣ ደግሞ አያድርስ ነው። አህያን አስጠርቶ፣ ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፓምፑ ለምን እንደሚቆም ካልነገርሽኝ ቁልፉን ለአያ ጅቦ እሰጠዋለሁ አላት። ጅብ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ወደ ገንዳው የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ በር ላይ ጅብ ተቀምጦ ውርንጭላዋን ይዛ ውሃ የምትወርድ አህያ ከየት ትመጣለች? እመት አህያ ይህን እያወቀች ጆሮዋን አቁማ፣ «እነግርዎታለሁ፣ ጌታዬ» ብላ ወጣች።

ያሰበችው ነገር ነበር። ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ከነሰዓቱ እየጻፈ የሚያስቀምጥ መዝጋቢ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እሱ ቢኖር ፓምፑ ሲቆም ምን እንደነካው ይናገራል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ስክሪን ከፈተችና መጀመሪያ ፕሮግራሞች በኢንተርኔት የሚመጡበትን ግምጃ ቤት ዝርዝር አሳደሰች፤ ይህን ሳያደርግ የሚያዝ አሮጌ ዕቃ ይደርሰዋል። ከዚያ ከግምጃ ቤቱ ዕቃ የሚያመላልሰውን ጫኝ የተባለ ሌላ ፕሮግራም፣ መዝጋቢውን በስሙ ጠርታ አምጣልኝ አለችው። የኢንተርኔቱ መስመር ቀጭን ስለሆነ ዕቃው እየተንቀራፈፈ ይመጣ ጀመር።

ይህን ጊዜ ቀበሮ በበሩ አንገቱን አስገባ። ቀበሮ የሚኖረው ከጅብ በሚተርፈው ነውና ቁልፉ ጅብ እጅ ቢገባ ደስታውን አይችለውም።

«እመት አህያ፣ እኔ ስትጫኚ እንጂ ስትጭኚ አይቼሽ አላውቅም» አለ እየሳቀ። «ይህን ሁሉ ከምትጠብቂ በፍላሽ የያዝኩት ዝግጁ አለልሽ። ሰክተሽ መገላገል ነው።»

«የግምጃ ቤቱ ማኅተም አለበት?»

«በጎረቤት መሃል ማኅተም ምን ያደርጋል?»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። የኔው እስኪመጣ እጠብቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ጠበቀችም። መዝጋቢው ረዳት ፕሮግራሞቹን አስከትሎ መጣ፣ ተጫነ። አስነሣችው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥርም አብሮ እንዲነሣ አደረገች። ፓምፑ ሲነሣና ሲቆም፣ ማን እንዳዘዘው ጨምረህ ጻፍ፣ ሌላውን ተወው አለችው። ከዚያ ውርንጭላዋ ርቧት ስትጮህ ሰማችና ልታጠባት ሮጠች፤ በጥድፊያ ስክሪኑን ሳትቆልፍ ሄደች።

ጥግ ላይ ደግሞ ጅብ ተቀምጦ ነበር፤ ነገ ቤቱን ሊረከብ ስለሚችል ሥራውን ይልመድ ብሎ አንበሳ ስላዘዘ። ቀበሮ ጠጋ ብሎ በጆሮው፣ ትልቅ መዝገብ ያለው ሹም ትልቅ ሹም ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም ጻፍ በለው አለው። ጅብ በዕድሜው «ሁሉንም» ከሚለው ቃል የሚጣፍጥ ሰምቶ አያውቅም። በመዳፉ እየደበደበ፣ የውሃውን ጠብታ በየጠብታው፣ የማራገቢያውን ዙር በየዙሩ እንዲጽፍ አዘዘው። አልበቃውም፤ መጻፉንም ራሱን እንዲጽፍ ጨመረለት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ፓምፑ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ኮምፒውተሩም ድርቅ ብሎ ቀረ። ውርንጭላዋ የደረቀውን ገንዳ ትልሳለች፤ ግልገሎቹ ያለቅሳሉ። አንበሳ መጣ። ቀበሮ ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ፣ ጥፋቱ የሷ መዝጋቢ ነው፣ ይነቀልና ቁልፉ ለሚገባው ይሰጥ አለ።

አህያ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣችና ዲስኩ ላይ የቀረውን ቦታ ጠየቀች። ምንም የለም። መዝጋቢው የቤቱን ቦታ ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። አንበሳ ይህን ማን አደረገ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጅብ ምስጋና የመጣ መስሎት ደረቱን ነፋ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እሷ እየቆጠበች ስትሰጠው አዝኜለት ሁሉንም እንዲጽፍ ፈቀድኩለት።»

ቀበሮ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ይፈልግ ጀመር። አህያ ግን በዚህ አልተደሰተችም። ስክሪኑን ሳትቆልፍ መሄዷ የራሷ ጥፋት መሆኑን ለአንበሳ ነገረችው፤ አፍራ ነበር። ከውጭ ያሉት እንስሳት ሁሉንም ደምስሺው፣ ውሃው ይምጣ እያሉ ይጮኻሉ። መደምሰስ ቀላል ነበር። ግን ከተደመሰሰ ፓምፑ የቆመበት ምክንያት አብሮ ይጠፋል፣ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው።

«ትንሽ ታገሡኝ። ሳላገኘው አልነሣም» አለች።

የጠብታውን ጣለች፣ የማራገቢያውን ጣለች፣ ስለ መጻፍ የተጻፈውን ሁሉ ጠራርጋ ጣለች። የፓምፑ ብቻ ቀረ። መስመር በመስመር ስትወርድ፣ ዲስኩ ከመሙላቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ፓምፑን እንዲቆም ያዘዘውን አገኘችው። ያው ጫኙ ራሱ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ቀትር ላይ የፓምፑን ፕሮግራም ሊያድስ ፓምፑን ያቆማል፤ ቀጭኑ መስመር መሃል ላይ ሲቆረጥበት ደግሞ ያቆመውን ሳያስነሣ ይቀራል።

ከእንግዲህ የፓምፑን ፕሮግራም እኔ ሳላዝህ እንዳትነካ አለችው፤ እድሳቱ ማንም በማይጠጣበት ማለዳ፣ እሷው ፊት እንዲሆን ወሰነች። ለመዝጋቢውም ልክ አበጀችለት፤ የቆየውን እያጣጠፈ በትንሽ ቦታ እያስቀመጠ፣ በጣም ያረጀውን እየጣለ እንዲሄድ። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምክንያቱን ለአንበሳ ነግራ ፓምፑን አስነሣች፤ ውሃው ገንዳውን ሞላው። አንበሳ እስኪበቃው ጠጣና፣ ቁልፉ ካለበት አይነቃነቅም አለ።

ጅብ ግን ነገሩ አልገባውም። የሚጣለውን አሮጌ መዝገብ ለኔ ብትሰጡኝ ምን አለበት እያለ በሩ ላይ ሲለምን፣ ሌሎቹ ጠጥተው ጨረሱ፣ የሱም ተራ አለፈው። እመት አህያ ስክሪኑን ቆለፈች፣ በሩን ቆለፈች፣ ውርንጭላዋን አስከትላ በአጠገቡ አለፈች።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤታችንን እንዲጠብቅልን የምናስገባው ነገር ልክ ካላበጀንለት ቤታችንን ራሱ እንደሚበላው ነው።