ሳይሸኝ የቀረ እንግዳ

አባቴ፣ ነፍሱን በገነት ያኑራትና፣ በትሬን ይዤ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ከኋላዬ ተጣርቶ «ልጄ፣ ሰው ቤት ስትደርስ የሄድክበትን ነገር እንዳትረሳ» ይለኝ ነበር። እኔም አይገባኝም ነበር። ሰው እንዴት የሄደበትን ይረሳል? ኋላ ይህን ተረት ነገረኝና ገባኝ። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ። እሳቱን ቆስቁሱት። አንተ በሩ ሥር የተቀመጥከው፣ ብርዱን አታስገባብን፣ ዝጋው።

ተረት ተረት!

— ይንገሩን አባት!

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ወዲህ አንድ ንጉሥ ነበረ። ስሙ ወንድይፍራው ይባላል። ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ እሱ ሰው ማስቀየም አጥብቆ የሚፈራ ነበረ። ዝንብ ፊቱ ላይ ብታርፍ «እሽ» ለማለት ያፍራል። ከወንዙ ማዶም ሌላ ንጉሥ ነበረ። እሱን የማዶው ንጉሥ እንለዋለን። የማዶው ንጉሥም ክፉ አልነበረም። እንግዳ ይወዳል። ሲወድ ደግሞ ልክ የለውም።

በንጉሥ ወንድይፍራው አገር፣ ወንዙ ዳር፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢያድግልኝ ይባላል። ንብ አናቢ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ንቦቹ ከቀፎ ወጡና ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። ንብ መቼም ስለ ድንበር የነገረው የለም። ቢያድግልኝም ባዶ ቀፎ ተሸክሞ ተከተላቸው። ማዶ አንድ ዋርካ ላይ ሰፍረው አገኛቸው። ቀፎው ውስጥ አግብቷቸው ሊመለስ ሲል የማዶው ንጉሥ ዘቦች ያዙት።

ዘቦቹም ጠየቁት፦ «ይህ ንብ የማን ነው?»

ቢያድግልኝም፦ «የእኔ ነው።»

ዘቦቹም፦ «የተቀመጠው እኮ እኛ ዛፍ ላይ ነው።»

ቢያድግልኝም፦ «ደክሞት ነው።»

ይህን ጊዜ ያሾፈባቸው መስሏቸው ተቆጡና ወሰዱት። እግሩንም በብረት አሰሩት። የማዶው አገር ሕግ ግን ከባድ አልነበረም። የሌላ አገር ሰው ከተያዘ፣ የገዛ ንጉሡ መጥቶ በንጉሣቸው ፊት በአፉ «ሰውዬን ስጡኝ» ካለ በዚያው ቀን ይፈታል። ካላለ አይፈታም። መልእክተኛ ቢልክ አይሆንም። እጅ መንሻ ቢልክ አይሆንም። በአፉ ብቻ ነው።

አንጓችም የባሏን ቁርበት መደቡ ላይ እንደ ተነጠፈ ተወችው። ሰው መጥቶ ሊቀመጥበት ሲል «ተነሣልኝ፣ ሰው አለው» ትላለች። ከዚያም ወደ ንጉሡ ግቢ ሄደችና እግሩ ላይ ወደቀች።

አንጓችም፦ «ጃንሆይ፣ ባሌን ያስፈቱልኝ። አንድ ቃል ብቻ ነው።»

ንጉሡም፦ «ተነሺ ልጄ! አንድ ቃል ምን አላት? ነገውኑ እሄዳለሁ።»

ይህን ያለው ከልቡ ነው። ሐሰተኛ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱም ሄደ። በቅሎዎቹ ተሸለሙና ጥላው ተዘረጋ፤ እምቢልታም ተነፋ። የማዶው ንጉሥ እስከ ደጁ ወጥቶ ተቀበለው። ተሳሳሙ። ንጉሥ ወንድይፍራው አፉን ሊከፍት አለና በልቡ «ገና ሳልቀመጥ ነገር ባነሣ ነውር ነው» ብሎ ተወው። ተቀመጠ። መብል ቀረበ። አሁን ልናገር ሲል የማዶው ንጉሥ በገዛ እጁ አንድ የጎረምሳ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለለና «በሞቴ!» አለው። ጎረሰ። «አፈር ስሆን!» አለው። ደገመ። አፉ ሞልቶ እንዴት ይናገር? አፉ ባዶ ሲሆን ደግሞ «ለካ እስኪበላ ጠብቆ ኖሯል ይለኛል» ብሎ ፈራ። ከዚያም አዝማሪው ገባ። ከዚያም ተኛ። በማግሥቱ በቅሎው ላይ ሲወጣ «አሁን ብናገር፣ ለካ ለዚህ ኖሯል እንጂ ወዶኝ አልመጣም ይለኛል» አለ። ዝም ብሎ ተሳሳመና ተመለሰ።

አዋጅ ነጋሪውም ገበያ መሐል ነጋሪቱን መታ፦ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ንጉሣችን ማዶ ደርሰው በሰላም ተመልሰዋል! ጉብኝቱ እጅግ የተሳካ ነበር! ወዳጅነታችን ጠንክሯል! አንድ ትልቅ ምንጣፍም ተሰጥቷቸዋል!»

አንጓችም ሰዉን ገፍታ ወጣች፦ «ባሌስ?»

አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ተሸከመና፦ «የሱ ነገር በሚቀጥለው ነው» ብሏት ሄደ።

በመኸር ጊዜ የማዶው ንጉሥ የመልሱን ጉብኝት መጣ። አገሩ ሁሉ አዋጣ። በግ ያለው በግ፣ ቅቤ ያለው ቅቤ ሰጠ። ከአንጓች ቤትም ቢያድግልኝ ሳይያዝ የቆረጠውን ማር ወሰዱ። ከሁለት ገንቦ አንዱን ወሰዱና ጠጅ ጣሉበት። የማዶው ንጉሥም አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ዐይኑን ጨፈነ።

የማዶው ንጉሥም፦ «ይህን ማር የቆረጠው ማን ነው?»

አጋፋሪው ጣራ ጣራ አየ። ጠጅ አሳላፊው የሌለ ዝንብ አባረረ። ንጉሥ ወንድይፍራውም አሰበ። «እርስዎ ያሰሩት ሰው ነው» ቢል፣ ቤቱ ጠርቶ ወቀሰኝ ሊባል ነው። እንግዳን በገዛ ማዕድ ላይ መውቀስ ደግሞ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ንጉሥ ወንድይፍራውም፦ «የአገራችን ሰው ነው።»

የማዶው ንጉሥም፦ «እጁ ይባረክ!»

ሁሉም «አሜን» አሉ። እጁስ ተባረከ። እግሩ ግን ብረት ውስጥ ነበረ።

አንጓችም ይህን ከአሳላፊዎቹ ሰማች። ጎረቤቷ እትዬ ውዴ መጥታ ታሾፍባት ጀመር።

እትዬ ውዴም፦ «ምን አለ ሌላ ባል ብታገቢ? ያን ቁርበት እንደሁ አይጥ እየበላው ነው።»

አንጓችም፦ «አይጧንም ተነሺልኝ፣ ሰው አለው ብያታለሁ።»

እትዬ ውዴም፦ «ምን አለችሽ?»

አንጓችም፦ «ከንጉሡ ይልቅ እሷ ትሰማለች።»

ክረምቱ አለፈና ሌላ ክረምት መጣ። እሱም አለፈ። ከዚያም ንጉሡ እንደገና ማዶ ሊሄድ ነው ተባለ። አንጓችም ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደችና ደጀ ሰላሙ ላይ ተደፋች። «አምላኬ ሆይ፣ ለንጉሣችን ድፍረት ስጠው። ለሱ ካልሰጠኸው ግን የሱን ድርሻ ለኔ ጨምርልኝ» አለች። ከዚያም የቀረችውን አንድ ገንቦ ማር አዘለችና «ለእጅ መንሻ ነው፣ ለማንም አላስይዝም» ብላ ከጓዙ ጋር ተሻገረች።

የሆነው ያው የበፊቱ ነው። ተሳሳሙ። «በሞቴ» ተባባሉ። ጎረሱ። አዝማሪው ገባ። ነጋና በቅሎው ተጫነ። ንጉሡ ነገሩን አላነሣም። የአንጓችም ገንቦ ሳይከፈት ቀረ።

አሁን ስሙኝ። እንግዳ ሲሄድ ባለቤቱ እንደሚሸኝ ለናንተ አልነግርም። እንግዳው «ይብቃዎ» ይላል፤ ባለቤቱ «ጥቂት ልራመድ» ይላል፤ የሆነ ቦታ ላይ ይለያያሉ። የነዚህ ወዳጅነት ግን እንደ ተባለው እጅግ ጠንክሮ ነበርና መለያያው ጠፋ። የማዶው ንጉሥ እስከ ዋርካው ሸኘው። «ይመለሱ እንጂ» አለው ንጉሥ ወንድይፍራው። «እስከ ወንዙ» አለ። ወንዙ ደረሱ። «ይብቃዎ በሞቴ» አለው። «ሳላሻግርዎ!» አለና ተሻገረ። ንጉሥ ወንድይፍራውም ዞሮ ሲያየው ወዳጁ በሰው አገር ቆሟል። «እንዴት እንዲህ ብቻዎን ይመለሳሉ?» አለና እሱ ደግሞ በተራው እስከ ደጁ ሸኘው። ደጁ ሲደርሱ የማዶው ንጉሥ «እንዲህማ ደክመው አይሄዱም» ብሎ እንደገና ሊሸኘው ወጣ።

ሄዱ፣ መጡ። መጡ፣ ሄዱ። ቀድሞ የቆመው ፍቅሩ ትንሽ ነው ሊባል ነውና አንዱም አልቆመም። በቅሎዎቹ ዐረፋ ደፈቁ። የእምቢልታ ነፊው ከንፈር አበጠ።

አጋፋሪውም ጥላ ያዡን በጆሮው፦ «እኔ የምለው፣ እየሄድን ነው ወይስ እየመጣን?»

ጥላ ያዡም፦ «ዝም በል፣ እየተሸኘን ነው።»

አንጓች ገንቦዋን ታቅፋ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሲያልፉ አየች። ሲመለሱ አየች። ደግሞ ሲያልፉ አየች። በመጨረሻ ገንቦዋን አዘለችና ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙ ውስጥ ገባች። ሁለቱ ነገሥታት ጎን ለጎን ውሃው መሐል ሲደርሱ የሁለቱንም በቅሎ ልጓም ያዘች። አጋፋሪው ጮኸ። የማዶው ንጉሥ ግን «ተዋት» አለው። ማረፊያ ምክንያት በማግኘቱ ደስ ሳይለውም አልቀረ።

አንጓችም ለማዶው ንጉሥ፦ «ጌታዬ፣ እርስዎ እንግዳ ሳይሸኙ አይቀሩም ሲባል እሰማለሁ።»

የማዶው ንጉሥም ላቡን እየጠረገ፦ «ይኸው እያየሽኝ!»

አንጓችም፦ «እንግዲያው አንድ ሳይሸኝ የቀረ እንግዳ ቤትዎ አለ።»

የማዶው ንጉሥም ደንግጦ፦ «በኔ ቤት? ማነው እሱ?»

አንጓችም፦ «ባሌ ቢያድግልኝ። ንቡን ተከትሎ መጣና ገባ። ይኸው ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፣ እስከ ደጅ እንኳ ያደረሰው የለም። ይህን ማር የቆረጠው እሱ ነው። እጁ ይባረክ ያሉት እሱን ነው።»

የማዶው ንጉሥ ገንቦውን አየ። ከዚያም ወዳጁን አየ።

የማዶው ንጉሥም፦ «ሰውየው የእርስዎ ነው? ሕጋችንን ያውቃሉ። ካልጠየቁኝ ልሰጥዎ አልችልም።»

ሁሉም ወደ ንጉሥ ወንድይፍራው ዞረ። አፉን ከፈተ።

ንጉሥ ወንድይፍራውም፦ «እርስዎን ማስቸገር እንዳይሆን ብዬ እንጂ…»

ቆመ። ውሃው ይሮጣል።

ንጉሥ ወንድይፍራውም፦ «ዘንድሮ ዝናቡም ደህና ነው…»

አንጓች ልጓሙን ጎተት አደረገች።

አንጓችም፦ «ጃንሆይ፣ ማዶ ሲሆኑ እንግዳ ነኝ ብለው ያፍራሉ። ወዲህ ሲሆኑ ባለቤት ነኝ ብለው ያፍራሉ። እስቲ አሁን ወደ ታች ይመልከቱ። ወንዝ መሐል ነዎት። እንግዳም አይደሉም፣ ባለቤትም አይደሉም። እዚህ የሚያፍሩበት ቤት የለም።»

ንጉሡም ወደ ታች ተመለከተ። ውሃው የበቅሎዋን ሆድ ይነካል። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። እውነቷን ነው። ከዚያም ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዐይኑን ጨፈነና «ሰውዬን ስጡኝ» አለ።



የማዶው ንጉሥም፦ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የተመላለሱት?»

ንጉሥ ወንድይፍራውም፦ «አዎን።»

የማዶው ንጉሥም፦ «እኔ እኮ ጉርሻዬን ወደውት መስሎኝ ነበር።»

ንጉሥ ወንድይፍራውም ፈጠን ብሎ፦ «ጉርሻውም ጥሩ ነበር።»

ቢያድግልኝም በዚያው ቀን ተፈታ። ከስቷል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል። የማዶው ንጉሥም «እስካሁን ሳልሸኘው የቀረሁት ይበቃል» አለና ራሱ ወንዙን አሻግሮ ቤቱ ድረስ አደረሰው። ቀፎውን ከነንቡ ያሸከማቸው እነዚያኑ የያዙትን ዘቦች ነው። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ሊያነሣ ሲል አንጓች ቀድማው እልል አለች። እሱም የሚጨምረው ቢያጣ ተወው።

ቢያድግልኝ ቤቱ ገባ። ቁርበቱ እንደ ተነጠፈ ነው። ጠርዙን ብቻ አይጥ በልታዋለች። ሊቀመጥ አለና ቆም አለ።

ቢያድግልኝም፦ «ሰው አለው?»

አንጓችም፦ «አሁን አለው።»

ተቀመጠ። ይህን ጊዜ ከደጅ የማዶው ንጉሥ «እንግዲህ ደህና ሁኑ» ሲል ተሰማ። ቢያድግልኝም ጨዋ ሰው ነውና ብድግ አለ።

ቢያድግልኝም፦ «ንጉሥ ደጄ ድረስ መጥቶ ሳልሸኘው? እስከ ወንዙ ብቻ ደርሼ…»

አንጓችም ጋቢውን ጨምድዳ ይዛ፦ «ተቀመጥ! ከደፉ ብታልፍ አንተን የማስርህ እኔ ነኝ!»

ተቀመጠ። ኖሩም።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ። እኔ ያለኝን ከአፌ አውጥቻለሁ፤ እናንተም ያላችሁን ወደ አፌ መልሱ። ቆሎም ቢሆን አልጠላም። እስኪቀርብ ድረስ ግን አንዲት ነገር ልጨምር። ዐምና ከንግሥ ስመለስ አንድ የማላውቀው መንገደኛ አብሮኝ ነበረና ይህንኑ ተረት እየነገርኩት መጣን። ደጄ ስንደርስ ተረቱም አለቀ፣ ፀሐይዋም ልትጠልቅ ሆነ። እኔም ክርስቲያን ነኝና «ግባ ወንድሜ፣ ያለችውን ቀምሰህ ትሄዳለህ» አልኩት። ሰውየው ቆመ። ቤቴን አየ፤ የሚሄድበትንም መንገድ አየ። ከዚያም እንዲህ አለኝ፦

«እገባለሁ አባት፤ ስወጣ ግን አይሸኙኝ።»