የጋሽ ዘርጋው ትርፍ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ተሳስቼ ካልሆነ በነሐሴ ነው፣ ሐምሌም ሊሆን ይችላል፣ በአንዲት ብርዳም የደጋ ከተማ ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ጡረተኛ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በቤቱ ድምፅ የሚያሰማው ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነበር። ጎህ ሊቀድ ሲል ከሩቅ ማማ በሬዲዮ ትእዛዝ ይደርሰውና «ቀጭ» ብሎ የውሃ ማሞቂያውን ያበራል። ጋሽ ዘርጋውም ከአልጋቸው ሆነው፣ «እግዜር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት አደርክ?» ይሉታል።

ከዚያ የሬዲዮው ሥርጭት ሊቋረጥ ነው ተባለ። አሮጌው ተነቅሎ ስማርት ቆጣሪ ተተከለ። አዲሱ የቤቱን ፍጆታ ራሱ ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ይልካል፤ ድምፅ ግን የለውም። በየወሩ «ጋሼ፣ አሉ?» እያለ የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ሲራክም ቀረ። ጋሽ ዘርጋው ግን ማሞቂያውን በዚያችው ሰዓት በእጃቸው ማብራት ቀጠሉ።

አንድ ማለዳ መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀኑን ሙሉ በጣሳ ግድግዳውን ሲመቱ ዋሉ። ማንም አልመጣም። ሲመሽ ጣሳውን አስቀመጡት። «የት ቀረ ብሎ የሚሰጋልኝ ሰው እንኳ የለኝም» አሉ በልባቸው።

በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ፊት የምትውለው ሰላማዊት ለከተማዋ እንግዳ ነበረች። የአንድን ቤት ፍጆታ ለይቶ መከታተል ክልክል ነው። እሷ ግን ከሺህ መስመሮች መካከል ጎህ ሳይቀድ ከፍ የምትለዋን አንዲት መስመር በየጠዋቱ እየፈለገች ታይ ነበር፤ «እንደኔ ማልዶ የሚነሳ ሰው አለ» እያለች። ሁለት ማለዳ መስመሯ ተኛች። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የሟቿ ባለቤታቸው፣ ስልኩም የማይሠራ ነው። እንደምትቀጣ እያወቀች የዚያን ሰፈር ቆጣሪ ያነብ ለነበረው ለሲራክ ደወለች።

«ይሄ የቆጣሪ ቁጥር የማን ቤት ነው?»

«የጋሽ ዘርጋው ነዋ! ምነው?»

ሲራክ መልስ ሳይጠብቅ ሮጠ። ከንባብ ሥራው ከተነሳ ወዲህ ሁለት ወር በዚያ በር ሳያንኳኳ አልፏል፤ «ምን ላነብ ነው የማንኳኳው?» እያለ አፍሮ። አሁን ግን ቁጥር በሌላቸው ጠባብ መንገዶች ዓይኑን ጨፍኖ ደረሰ። በሩ ተቆልፏል። ጮኸ።

ጩኸቱን የሰሙት ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ሙላቷ ናቸው። ከጋሽ ዘርጋው ጋር በአጥር ተጣልተው ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ትናንት ያን ሁሉ መቀጥቀጥ ሲሰሙ፣ «ደግሞ አጥሩን ጀመረ! ይምታ፣ እጁ ይድከም» ብለው በራቸውን ዘግተው ነበር። ሲራክ ሲጮህ ግን ገባቸው። መጥረቢያ አነሱ፤ ያንኑ አጥር ጥሰው፣ የጓሮውን መስኮት ሰብረው ገቡ፤ ሰውየውን አዝለው ወጡ።

«አጥሩን አፈረስሽው?» አሉ ጋሽ ዘርጋው በሰለለ ድምፅ።

«ዝም ይበሉ! ይልቅ አንገቴን አጥብቀው ይያዙ።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ፣ «ትንሽ ቢዘገዩ አይተርፉም ነበር» አላቸው። «ከእንግዲህ ትርፍ ቁልፍዎን ለአንድ ሰው ይስጡ። በየማለዳው ገብቶ የሚያይዎ።»

ትርፉ ቁልፍ የባለቤታቸው ነው፤ ቀይ ክር የታሰረበት። ጋሽ ዘርጋው ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ሲተኙ፣ ሦስቱም አልጋቸው አጠገብ ቆሙ።

«ማንም ሳያውቅ መጥፋትዎን ያየሁ እኔ ነኝ» አለች ሰላማዊት። «በዚህም ከሥራ ታገድኩ። ግን ዓይኔ ሳያስፈቅድ የሰው ቤት ሲያይ የነበረ ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደጅዎን የማውቅ እኔ ነኝ» አለ ሲራክ። «ግን ሁለት ወር ዝም ብዬ አልፌዋለሁ።»

ወይዘሮ ሙላቷ ቀና ብለው አላዩአቸውም። «የገባሁት እኔ ነኝ። ቀድሜ የሰማሁትም እኔው ነኝ። ሰምቼ ቀረሁ።»

ጋሽ ዘርጋው ቁልፉን በመዳፋቸው ጨብጠው ሦስቱን ተራ በተራ አዩ። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ አጠገባቸው ከቆመ ስንት ዘመኑ! ለአንዱ ሲሰጡ ሁለቱ የሚቀሩ መሰላቸው።

እናንተስ ብትሆኑ ለማን ትሰጡታላችሁ? ላየችው፣ ለደረሰው ወይስ ለገቡት?

«አስቀርጾ ለሦስቱም ይስጥ» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ኋላ ከተማዋ ውስጥ ወዳለው ብቸኛ ቁልፍ ቀራጭ ሄጄ ጠየቅኩ፤ የዚያ ዓይነት ቁልፍ መቅረጽ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ጋሽ ዘርጋው ደግሞ ባለቤታቸው ሲከፍቱት የኖሩትን የበር መቆለፊያ አልቀይርም ብለዋል። ትርፉ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው።