ብብት ሥር የሞቀችው ሽቦ

አንድ ሰው የክትባት ሳጥን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአውቶቡስ ይጓዛል። በሳጥኑ ውስጥ ክትባት የለም። በረዶ አለ፤ በበረዶው መካከል በላስቲክ የታሸገች አንዲት ትንሽ ሽቦ አለች። የስቴፕለር ሽቦ ታውቃላችሁ? እሷን ትመስላለች፤ ሁለት እግሮች አሏት።

ሽቦዋ ለሚስቱ ለአስካለ ናት። አስካለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች፤ ሥራዋ ከቤት ቤት በእግር መዞር ነው። ቁልቁለት ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። በጀሶ ታሰረ፤ አጥንቱ አልገጠመም። ሐኪሟ ዶክተር ምንትዋብ፣ “አሁንም ካልገጠመ ከክራንች ጋር መኖርሽ ነው” አለቻት። ሽቦዋ በከተማቸው ስለማትገኝ ባልየው አዲስ አበባ ሄዶ እንዲያመጣት ተላከ። ሳጥኑን አስካለ ከመሥሪያ ቤቷ ተዋሰችለት።

ማስጠንቀቂያው አንድ ብቻ ነበር፤ ሽቦዋ ከበረዶው እንዳትወጣ።

ሰውየው መንገድ ላይ ማሰብ ጀመረ። ሳጥኑን ከፍቶ ነካት። ጣቱ ደነዘዘ። “ይህ ሁሉ ብርድ አጥንቷ ውስጥ ሊገባ ነው?” አለ።

እናንተስ ብትሆኑ? አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ በሩን ቶሎ የምትዘጉት ለምንድን ነው? ብርድ እንዳይገባት አይደለም? እሱም እንደ እናንተ አሰበ። ሽቦዋን አወጣት፤ ከነማሸጊያዋ ብብቱ ሥር አደረጋት።

ሆስፒታል ሲደርስ ከብብቱ አውጥቶ ሰጠ። ዶክተሯ በብርሃን ተመለከተቻት።

“ጋሼ፣ ምን አደረጓት?”

“አሞቅኳት፣ ዶክተር።”

“ጨብጣለች እኮ!”

“ምኑን?”

“ምንም። ችግሩ እሱ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች ሽቦ ከኒኬልና ከቲታኒየም የተሠራች ናት። እግሮቿ ተሰብስበው ሳሉ በእሳት ቅርጿን ይዛለች። ሲያቀዘቅዟት ትለዝባለች፤ እግሮቿን ይከፍቱላታል፤ በረዶ ውስጥ እስካለች እንደተከፈተች ትቆያለች። ሐኪም በስብራቱ ግራና ቀኝ ይሰካታል። የሰውነት ሙቀት ሲያገኛት የእሳቱ ቅርጿ ይመለስላታል፤ እግሮቿን ሰብስባ ሁለቱን አጥንት ታጣብቃለች። መሐንዲሶችም በዚህ ብረት ቧንቧ ያጋጥማሉ። ከእሱ የተሠራ ቀለበት በቅዝቃዜ አስፍተው በቧንቧዎቹ መጋጠሚያ ላይ ያጠልቃሉ፤ ሲሞቅ ያለ ብየዳ ይጠብቃል።

የእኛ ሰው ሽቦ ግን ብብት ሥር ሞቀች። ባዶ ጨበጠች።

አስካለ አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። “እኔን አንድ ቀን እንዲህ አቅፈኸኝ ታውቃለህ?” አለችው እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። “ያንን ሳጥን ተሸክሜ ስዞር እያየህ፣ እንደማይከፈት አጣኸው?”

“አላጣሁትም” አለ። “አንቺ ግን ክትባት አይደለሽም።”

አስካለ እግሯን ታይ ነበር።

ዶክተሯ በረዶ አስመጣች። ሽቦዋን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረቻት፤ ቆየች፤ በመቆንጠጫ ቀስ ብላ ሳበቻት። ሁሉም እጇን ያያል። ሽቦዋ ትሰበር ይሆን? እግሮቿ ተከፈቱ። አስካለ ያን ዕለት ቀዶ ሕክምና ገባች። ክረምቱ ሲያልፍ ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ያንኑ ቁልቁለት ወረደች፤ ያለ ክራንች።

ወገኖቼ፣ ሰውየውን አንውቀሰው። የወደደ ሰው ነው። ግን ልጃችሁ ትንሽ ሲቸገር ሮጣችሁ ከችግሩ አላወጣችሁትም? በችግሩ ለሌላ ሰው ስብራት እጁ እየተከፈተ ሳለ፣ ብብታችሁ ሥር ሆኖ አልጨበጠም? ስለ ራሳችሁስ፣ “ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ብርድ አሁኑኑ አውጣኝ” ብላችሁ አታውቁም?

ቅዝቃዜ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው አላልኩም። እሱን አላውቅም። የማውቀው ሽቦዋ የተከፈተችው በቅዝቃዜ እንደሆነ ነው። ሙቀቱንም አልተከለከለችም፤ ሙቀቱ አጥንቱ ዘንድ ይጠብቃት ነበር።

ያለ ጊዜዋ ጨብጣ የነበረችውም አልተጣለችም። እንደገና ወደ በረዶው ገባች፤ እንደገና ተከፈተች።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እጃችሁን እዩት። ጨብጧል? ምን ይዟል?