የእድሩን ድስት የሸጠው ደባል

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ግቢዋ ግን ሁልጊዜ የተጠረገ። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ደብሪቱ ይላታል። የእድሩን ዕቃ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ለለቀስተኛ ወጥ የሚሠራበት ያ ትልቁ ድስት፣ ሁሉም በእሷ ዕቃ ቤት ነው። ለምን? ታማኝ ናታ! ሰፈር ሙሉ ሰው የለቅሶ ዕቃውን አምኖ የሚሰጠው ለማንም ነው እንዴ?

እንግዲህ ይህች ሴት ብቸኝነቱ ሲከብዳት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ደባል አስገባች። ይርዳው ይባላል። ከገጠር የመጣ፣ ቀጭን፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ከዕቃ ቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል አከራየችው። ምግቡን ግን ከእሷ ጋር ነው የሚበላው፣ ያውም በነጻ። "ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም" ትላለች። ሸሚዙን ሳይቀር ታጥብለት ነበር። እናንተ ደባላችሁን እንዲህ ትይዛላችሁ? ስኳር የምትቆልፉበት አላችሁ፤ ዝም ብዬ ነው እንጂ አውቃችኋለሁ!

አንድ ቀን ቆራሌው መጣ። አሮጌ ብረታ ብረት እየገዛ በየሰፈሩ የሚዞረው ማለቴ ነው። እትዬ ደብሪቱ ገበያ ሄዳለች። ይርዳው ዕቃ ቤት ገባ፤ ያንን ትልቅ ድስት አየው። "ለብቻዋ የምትኖር ሴት ይህን የሚያህል ድስት ምን ያደርግላታል? መጥፋቱንም አታውቀው" አለ በልቡ። የማን ድስት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። አውጥቶ ሸጠው።

እናቱ ታማበት ነው እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ አይደል? ርቦት ነው እንድላችሁ? የለም! ለስልክ ነው። ጓደኞቹ የያዙት ዓይነት ስልክ አማረው፤ የጎደለውን በድስቱ ሞላ። እኔ የሌባን ወሬ እያሳመርኩ አልነግራችሁም።

ሰነባበተና ጡሩንባ ተነፋ፤ ከሰፈሩ አንድ አባወራ ሞተ። ሰዎች ዕቃ ሊወስዱ መጡ። ድንኳኑ ወጣ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ሳህኑ ወጣ። ድስቱስ? ድስቱ የለም! እትዬ ደብሪቱ ክው አለች። ሬሳው እቤት ተቀምጦ፣ ከማዶ ሰፈር እድር ድስት ተለምኖ መጣ። ያ ሰፈር እንዲህ ያለ ሀፍረት አይቶ አያውቅም።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። "ሸጣ በልታዋለች" አሉ። ያመኗት ሰዎች ናቸው እኮ! ሰብሳቢው ጋሽ ሽብሩ ቁጡ ሰው ናቸው፤ "እሁድ ስብሰባ ላይ መልስ ስጪ። አለዚያ ከእድሩ ትሰረዣለሽ" አሏት። ወገኖቼ፣ ወገን ለሌላት ሴት ከእድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማን ይቀብራታል? ማን ድንኳን ይጥልላታል?

ይርዳውን ጠየቀችው። "ይርዳው ልጄ፣ ያን ትልቁን ድስት አላየኸውም?"

"ኧረ እኔ አላየሁም፣ እትዬ" አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። የሠራችለትን ምሳ እየበላ ነው እንግዲህ!

በማግስቱ ጎረቤቷ አስካለ መጣች። "ድስቱን ለቆራሌው ሲሸጥ አይቼዋለሁ፣ ያ ደባልሽ ነው። አንቺ ያዘዝሽው መስሎኝ ዝም አልኩ። በይ አሁን ፖሊስ ጥሪና ስምሽን አጥሪ" አለቻት።

እትዬ ደብሪቱ መልአክ ነበረች አልልም። ተናደደች። የይርዳውን በር በርግዳ ገባች። "ምን በደልኩህ? ምን አጎደልኩብህ? የሙታንን ድስት ሸጠህ እኔን በቁሜ ቀበርከኝ!" ይርዳው እግሯ ላይ ወደቀ። "ፖሊስ ይጥሩ፣ እትዬ፤ ይገባኛል" አለ። "አዎ፣ ይገባሃል!" አለችውና ወጣች።

ግቢው ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። መልሱ እጇ ውስጥ ነው እኮ! ስሙን ጠርታ ነጻ መውጣት ትችላለች። እሱስ? የሰፈሩ ጎረምሳ ይቀጠቅጠዋል፣ ፖሊስ ይወስደዋል፣ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያከትማል። ዝም ብትል ደግሞ የምትሰረዘው እሷ ነች። ምን ታድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። "እሁድ አብረኸኝ ትሄዳለህ" አለችው።

እሁድ ደረሰ። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚቆም ታውቃላችሁ። የተበደለው ሰው አውርድ እስኪለው አያወርደውም። እትዬ ደብሪቱ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አነሳች፤ ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ስብሰባው መሀል ገባች። ይርዳው ከኋላ ደርቆ ቀረ። ድንጋዩ የእሱ እንደነበር ያውቃላ!

"ድስቱ የጠፋው በእኔ እጅ ነው፤ የተሸጠውም ከቤቴ ነው። እተካለሁ። ይቅር በሉኝ" አለች።

"ማን ነው የሸጠው?" አሉ ጋሽ ሽብሩ።

"ልጄ ነው።"

"የምን ልጅ? አንቺ ልጅ የለሽም!"

"ከዛሬ ጀምሮ አለኝ።"

አያችሁ! ያን ጊዜ ይርዳው ሰዉን እየገፋ ሮጠ። "እኔ ነኝ! የሰረቅኩት እኔ ነኝ! እትዬ ምንም አላደረጉም፤ ድንጋዩ ለእኔ ነው!" እያለ ሊቀበላት ታገለ። እሷ አልለቅም አለች። እሱ አልተውም አለ።

ጎረምሶቹ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። "ቁጭ በሉ!" አሉ ጋሽ ሽብሩ። ያ ቁጡ ሰውዬ እንባቸው እየወረደ ሄዱና በገዛ እጃቸው ድንጋዩን አወረዱት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት! ለለቅሶ የተቋቋመ እድር የዚያን ቀን ሰርግ ቤት መሰለ!

ስልኩ ተሸጠ፣ ድስት ተገዛ። ዛሬ የዚያ እድር ዕቃ ያዥ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ይርዳው ነው! ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ እዚያው ሰፈር ይኖራል። እትዬ ደብሪቱ ሲደክማት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለእሱ የሰጡት እነዚያው ዱላ ያነሱት ናቸው።

አሁን ስሙኝ። ይቅር ማለት መሸፋፈን ነው ያላችሁ ማን ነው? እትዬ ደብሪቱ ምንም አልተሠረቀም አላለችም። ሌባውን እጁን ይዛ ወደ ብርሃን አወጣችው፤ ግን ብቻውን አላወጣችውም። እናንተ ቤት ያጠፋ ሰው አለ? ሰርቆ ይዛችሁታል? ማስወጣት መብታችሁ ነው፣ አልከራከራችሁም። ጥፋቱን ግን አብራችሁት ብትሸከሙስ? "ሌባ" ብላችሁ ከምታሰናብቱት "ልጄ" ብላችሁ ብታቀኑትስ? ማን ያውቃል፣ ነገ ቁልፋችሁን የምትሰጡት ለእሱ ይሆናል።

ደግሞ እትዬ ደብሪቱን የሆናችሁ እየመሰላችሁ የተቀመጣችሁ፣ አትሳሳቱ። እኛ ሁላችን ይርዳው ነን! ጌታ የሰጠንን እየበላን "አላየሁም" ያልነው እኛ ነን። ከሳሽ ቆሞ ስማችንን ሲጠብቅ፣ ጌታ የእኛን ሸክም በጫንቃው አድርጎ ወጣ። "ይህ ማን ነው?" ተባለ። "ልጄ ነው" አለ። "ይህችስ?" ተባለ። "ልጄ ናት" አለ!

ወንድሜ፣ ልጄ ተብለሃል! እህቴ፣ ልጄ ተብለሻል! እነዚያ ሰዎች ስለ አንድ ድስት እንደዚያ እልል ካሉ፣ እናንተ ስለ ነፍሳችሁ ዝም ትላላችሁ? እልል በሉ እንጂ!